ፈይሳ ተሸነፈ ወይስ አሸነፈ? «ዊን»ን ከ«ቢት» ለመለየት

በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ አንደኛ ገባ። ከ70 ሰከንድ በኋላ ፈይሳ ሌሊሳ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የመጨረሻውን መስመር አለፈ። ፈይሳ የጀልዱ ልጅ ነው፤ ጀልዱ ደግሞ በምዕራብ ሸዋ ከካቺሲ ከተማ ብዙም የማይርቅ ወረዳ ነው። ያንን ሩጫ በአማርኛ የሚያወራ ሰው ኪፕቾጌ ፈይሳን አሸነፈ፣ ፈይሳ የብር ሜዳሊያ አገኘ ብሎ ይጨርሳል። በእንግሊዝኛ ግን ነገሩ ለሰሚ ግራ የሚያጋባ መልክ አለው፤ ፈይሳ በዚያው ሩጫ ተሸንፏልም፣ አሸንፏልም። «ኪፕቾጌ ቢት ፈይሳ»፤ «ፈይሳ ወን ሲልቨር»። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይጣሉም።

ችግሩ የሚመጣው ተማሪው «ኪፕቾጌ ወን ፈይሳ» ብሎ ሲጽፍ ነው። ስህተቱ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተማሪ ደብተር እስከ ስፖርት ወሬ ድረስ ይሰማል። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ይህን ሲሰማ የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ ኪፕቾጌ ሮጦ ፈይሳን እንደ ዋንጫ ተሸልሞ ወደ ኬንያ ይዞት ሲሄድ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአንድ ፍቺ ሥር የሚወድቁ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን ለመለየት ለሚቸገር አንባቢ ነው። ማሳያው «ዊን» እና «ቢት» ይሁኑ እንጂ መንገዱ ለሌሎቹም ጥንዶች ይሠራል። የሚያስፈልግዎ አንድ ደብተርና እርሳስ፣ ቢገኝ ደግሞ ምሳሌ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ነው።

ከመዝገበ ቃላቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው ነውና። ትንሹን የኪስ መዝገበ ቃላት ገልጠው «ዊን»ን ቢፈልጉ ማሸነፍ ይላል። «ቢት»ን ቢፈልጉ መምታት፣ መደብደብ፣ ማሸነፍ ይላል። ውሸት አልነገረዎትም፤ የጠቀመዎት ነገርም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ፍቺ ፍለጋን አቁሞ ዓረፍተ ነገር ፍለጋ መግባት ነው። ለዚህ ሥራ የተመቹ መጻሕፍት አሉ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ወፍራም የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ነው የሚፈታው። በዚያው ዓመት የወጣው የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ መዝገበ ቃላትም በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አይጠፋም። ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ ከሚፈቱት ውስጥ ደግሞ የሆርንቢን የሚያህል ለተማሪ የታሰበለት የለም። ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው በኦክስፎርድ ስም ያውቀዋል። ከጅምሩ የታሰበው ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች ስለነበር፣ ከግስ በኋላ ምን ዓይነት ቃል እንደሚመጣ እየነገረ ነው የሚሄደው። የምንፈልገውም እሱኑ ነው።

መጽሐፍ ካልተገኘ አይቸገሩ። የስፖርት ወሬ በቂ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ መሰብሰብ ነው። የደብተሩን ገጽ መሐል ለመሐል አስምረው በግራ «ዊን» በቀኝ «ቢት» ይጻፉ። ከዚያ ያገኙትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በየወገኑ ያስገቡ። በግራ በኩል እንዲህ ያሉት ይሰበሰባሉ፦ «ኢትዮጵያ ወን ዘ ከፕ»፣ «ኃይሌ ወን ዘ ሬስ»፣ «ደራርቱ ወን ጎልድ»። በቀኝ በኩል ደግሞ፦ «ኢትዮጵያ ቢት ኢጂፕት»፣ «ኃይሌ ቢት ቴርጋት»፣ «ደራርቱ ቢት ኤላና ማየር»። ሦስቱም እውነተኛ ታሪኮች ናቸው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳች። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ ደቡብ አፍሪካዊቷን ማየርን ቀድማ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ ሲድኒ ውስጥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር፤ 27 ደቂቃ ከ18 ነጥብ 20 ሰከንድ ለ27 ደቂቃ ከ18 ነጥብ 29።

አሁን ሁለቱን ረድፎች ከላይ ወደ ታች ያንብቡ። ግሱን ይተዉትና ከግሱ ቀጥሎ የተቀመጠውን ቃል ብቻ ይመልከቱ። በግራ በኩል ዋንጫ፣ ሩጫ፣ ወርቅ ነው፤ በቀኝ በኩል ግብፅ፣ ቴርጋት፣ ማየር። ሦስተኛው እርምጃ ይህን ያዩትን ወደ ጥያቄ መለወጥ ነው። «ምንን አሸነፈ?» ለሚለው መልስ የሚሆነው ከ«ዊን» በኋላ ይመጣል። «ማንን አሸነፈ?» ለሚለው መልስ የሚሆነው ከ«ቢት» በኋላ ይመጣል። ቡድንም አገርም ክለብም በ«ማንን» ሥር ነው የሚገቡት፤ ተጋጣሚ ናቸውና።

አማርኛው «አሸነፈ» ሁለቱንም በአንድ አፍ ይይዛል፤ ጨረታውን አሸነፈ፣ ምርጫውን አሸነፈ፣ ባላንጣውን አሸነፈ። አፋን ኦሮሞም በዚህ ከአማርኛ አይለይም፤ «ኢንጂፈቹ» ተጋጣሚንም ጨዋታንም ያስከትላል። ስህተቱ የሚወለደው እዚህ ነው። ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ በሁለት ቋንቋው አንድ የነበረው በሦስተኛው ለሁለት ስለተከፈለበት ነው።

በጥያቄው ብቻ አይርኩ። አራተኛው እርምጃ ደንቡን የሚያፈርስ ነገር ፍለጋ ነው፤ ብዙ መምህራን ይዘሉታል፣ ተማሪ የሚወድቀው ግን እሱ ላይ ነው። ከ«ቢት» በኋላ ሰው ያልሆነ ነገር የሚመጣበት ጊዜ አለ። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. ሄንግሎ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37 ነጥብ 35 ሰከንድ ሲጨርስ ኃይሌ ከስድስት ዓመት በፊት ያስመዘገበው ሰዓት ወደቀ። ይህን «ቀነኒሳ ቢት ዘ ሬከርድ» ማለት ይቻላል። ሬከርድ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ሯጩ የሚታገለው ባላጋራ ነው። ካንሰርን «ቢት» ያደረገ ሰው አለ፤ ካንሰርን «ዊን» ያደረገ ግን የለም፣ ማንስ ካንሰርን ሊሸለም ይፈልጋል? በተቃራኒው ደግሞ ከ«ዊን» በኋላ ሰው የሚመጣበት ቦታ አለ፤ ወዳጅ ማፍራት፣ ደጋፊ ማግኘት፣ የሕዝብን ልብ መግዛት። እዚያ ሰውየው የተሸነፈ ባላጋራ ሳይሆን የተገኘ ወገን ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ትንሽ ያጥብቁት፦ ይህ ነገር ተገኘ ወይስ ተቀደመ? ከተገኘ «ዊን»፣ ከተቀደመ «ቢት»።

ሎተሪን ይሞክሩት። አማርኛ ሎተሪን «አሸነፈ» ብዙም አይልም፤ ወጣለት ወይም ደረሰው ነው የሚለው። «አሸነፈ» የሚለውን ቃል ተከትሎ የሚተረጉም ሰው እዚህ መንገዱ ይጠፋበታል። «ተገኘ ወይስ ተቀደመ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብሩ እንደተገኘ ያውቃልና ሳያመነታ «ወን ዘ ሎተሪ» ይላል። «እንቅልፍ አሸነፈኝ» የሚለውስ? የተገኘ ነገር የለም፤ ውድድርም የለም። ሁለቱንም ቃላት ትተው «አይ ፌል አስሊፕ» ይበሉ። አማርኛው «አሸነፈ» ባለ ቁጥር እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱን የግድ ይፈልጋል ማለት አይደለም።

አምስተኛው እርምጃ ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ ነው። «ቴርጋት ወዝ ቢትን ባይ ኃይሌ» ብለው ይገልብጡት፤ ይሄዳል፣ ቴርጋት በኃይሌ ተሸነፈ። አሁን «ቴርጋት ወዝ ወን ባይ ኃይሌ» ይበሉ፤ ያው ቴርጋት ሽልማት ሆኖ ቁጭ አለ። በአማርኛ «ተሸነፈ» የሚለው ሁሉ በእንግሊዝኛ «ወዝ ቢትን» ወይም «ሎስት» ነው፤ «ወዝ ወን» አይሆንም። «ወዝ ወን» የሚባለው ጦርነቱ፣ ውድድሩ፣ ዋንጫው ነው። «ሎስት»ን ከመረጡ ደግሞ በተጋጣሚው ስም ፊት «ቱ» የምትለዋን ትንሽ ቃል አይርሱ፤ «ኢጂፕት ሎስት ቱ ኢትዮጵያ»። ያለ «ቱ» «ኢጂፕት ሎስት ኢትዮጵያ» ካሉ ግብፅ ኢትዮጵያን እንደ ቁልፍ ጣለቻት ማለት ነው።

ስለ ድምፁም አንድ ነገር መባል አለበት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ቢት» ተብሎ የሚጻፈው ቃል ረዘም ተደርጎ የሚነበበው፣ በእንግሊዝኛ ሆሄ ቢ–ኢ–ኤ–ቲ የሚጻፈው ነው። አጠር ተደርጎ ከተነበበ ሌላ ቃል ይሆናል፤ ቢ–አይ–ቲ፣ ነከሰ። ስለዚህ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ኃይሌ ቴርጋትን ነከሰው ሊል ይችላል። አማርኛ አናባቢን በማስረዘምና በማሳጠር ትርጉም አይለይምና አማርኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት መስማት ራሱ ይከብደዋል።

አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት የካቺሲ ልጅ ግን አይከብደውም።

ካቺሲ የግንደ በረት ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከዚያ ወደ ሰሜን መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። እዚያ የሚያድግ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ በአፋን ኦሮሞ ይማራል፣ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ይወስዳል፣ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይቆጥራል፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሦስት ቋንቋ ለአንድ ልጅ ይበዛል የሚሉ አሉ። ቃላትን ለመለየት ሲሆን ግን የበዛበት ልጅ ነው የሚቀድመው። በአፋን ኦሮሞ «ለፈ» መሬት ነው፤ አናባቢው ሲረዝም «ላፋ» ይሆንና ለስላሳ ማለት ነው። አናባቢ በመርዘም ብቻ ትርጉም እንደሚለወጥ ይህ ልጅ ጡት ሳይጥል ያውቃል። በአንጻሩ የእሱ ፈተና ንባቡ ላይ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ፣ የለመደው ፊደል በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ሲመጣ በለመደው ድምፅ ያነበዋል። ቢ–አይ–ቲ–ኢ ተብሎ የተጻፈ ቃል በቁቤ «ገዛ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ባይት» ተብሎ ይነበብና መንከስ ይሆናል። መድኃኒቱ አዲስ ቃል በጻፉ ቁጥር አነባበቡን በግዕዝ ፊደል አጠገቡ ማስፈር ነው፤ ረዥሙን ከአጭሩ ለመለየት ደግሞ ከረዥሙ በላይ ጭረት ያድርጉ።

ስድስተኛው እርምጃም ከዚሁ የሚነሣ ነው፦ ያለዎትን ቋንቋ ሁሉ ይጠይቁ። አንዱ ያልለየውን ሌላው ሊለየው ይችላል። አማርኛ «ጥላ» ሲል ዛፍ ሥር የሚያርፉበትንም፣ ከኋላ የሚከተለውን የሰው ምስልም ነው። እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ሼድ»፣ ሁለተኛውን «ሻዶው» ይለዋል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ይህን በምሳሌ መሸምደድ አለበት። አፋን ኦሮሞ የሚያውቀው ግን «ጋዲሳ» እና «ጋዲዱ» ብሎ ለይቶ ኖሯልና፣ ማድረግ ያለበት አንዱን ከ«ሼድ»፣ ሌላውን ከ«ሻዶው» ጋር ማጣመር ብቻ ነው። ከአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከዚሁ የቋንቋ መንታ መንገድ ተነሥቶ ነው ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ የመለሰው፤ በእንግሊዝኛም ተውኔት የጻፈው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የእኛው ቋንቋ ከእንግሊዝኛው በላይ ይለያል። ብድርን ይውሰዱ። ገንዘብ ወይም እህል ሲሆን ተበደረ፣ አበደረ እንላለን፤ መጥረቢያ ወይም እርሳስ ሲሆን ተዋሰ፣ አዋሰ። ያበደሩት ብር ሲመለስ ያው ብር አይደለም፤ ያዋሱት መጥረቢያ ግን ራሱ ነው የሚመለሰው። አፋን ኦሮሞም ይህን ይለያል። እንግሊዝኛ ግን ለብሩም ለመጥረቢያውም ግድ የለውም፤ የሚለየው ነገሩ ወደ ማን እንደሚሄድ ብቻ ነው። ተቀባዩ «ቦሮው» ያደርጋል፣ ሰጪው «ሌንድ» ያደርጋል። ስለዚህ በ«ተ» የሚጀምሩት ተበደረና ተዋሰ «ቦሮው» ናቸው፤ በ«አ» የሚጀምሩት አበደረና አዋሰ «ሌንድ» ናቸው። ይህን የያዘ ሰው እርሳስ ሲጠይቅ «ቦሮው ሚ» አይልም። «አውሰኝ» በ«አ» ስለሚጀምር «ሌንድ ሚ» ይላል።

የመጨረሻው እርምጃ መጻፍ ነው፤ ያውም ስለሚያውቁት ነገር። የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ጆንና ሜሪ የሚሰጠውን ምሳሌ ገልብጦ መጻፍ እጅን እንጂ ጭንቅላትን አያሠራም። ስለ ሰፈርዎ የኳስ ቡድን፣ ስለ ገበጣ፣ ስለ ጨረታ፣ ስለ ክርክር ይጻፉ። ለእያንዳንዱ ክስተት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሥሩ፤ አንዱን በ«ዊን»፣ አንዱን በ«ቢት»። በአንድ ድል ውስጥ የተገኘም የተቀደመም አለና ሁልጊዜ ይቻላል። ዓድዋን እንኳ እንዲህ መጻፍ ይቻላል፤ «ኢትዮጵያ ወን ዘ ባትል»፣ ከዚያ «ኢትዮጵያ ቢት ዘ ኢታሊያን አርሚ»። ለጦርነት ግን ከ«ቢት» ይልቅ «ዲፊት» የሚለው ቃል ክብደት አለው፤ የታሪክ መጽሐፍም እሱን ነው የሚመርጠው።

ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ሰው አንድ ልማድ ይጨምር። ባዶ ቦታ ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ምርጫዎቹን ከማየት በፊት ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ያለውን ቃል ያንብብ። ሰው፣ ቡድን ወይም አገር ከሆነ ዓይኑ «ቢት»ን ወይም «ዲፊት»ን ይፈልግ። ሽልማት፣ ውድድር ወይም ክርክር ከሆነ «ዊን»ን። ቀጥሎ ምንም ከሌለ፣ ለምሳሌ «ማታ ማን አሸነፈ?» ከሆነ፣ «ዊን» ነው፤ ተጋጣሚ የሚባል ነገር ሳይከተለው «ቢት» ብቻውን አይቆምም። ያለፈ ጊዜውም አያታልል፤ «ዊን» «ወን» ይሆናል፣ «ቢት» ግን ያው «ቢት» ነው፣ «ቢትን» የሚሆነው ከ«ሃዝ» ወይም ከ«ወዝ» በኋላ ሲመጣ ነው።

እነዚህን አምስት ዓረፍተ ነገሮች መልሱን ሸፍነው ይሞክሯቸው፦ አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን አሸነፈ። አያቴ በገበጣ አሸነፉኝ። ተቋራጩ የመንገዱን ጨረታ አሸነፈ። ተቋራጩ በጨረታው አራት ድርጅቶችን አሸነፈ። በመጨረሻው ደቂቃ በገባ ጎል ተሸነፍን።

መልሱ በቅደም ተከተል «ወን»፣ «ቢት»፣ «ወን»፣ «ቢት» ነው። አምስተኛው «ወር ቢትን» ወይም «ሎስት» ይሆናል። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ያልተሳሳተ ሰው ጉዳዩን ይዞታል፤ የተሳሳተ ደግሞ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ይመለስ። ከዚያ የደብተሩን ቀጣይ ገጽ አስምረው በግራ «ሴይ»፣ በቀኝ «ቴል» ብለው ይጻፉ፤ እነዚህም «ምን» እና «ለማን» ብለው ከጠየቋቸው ይለያሉ።